የቃል አባቱ ዋስ

ድንበሩ የሚባለው ሹም የቃል አባት ሆኖ በተሾመ በሦስተኛው ዓመት፣ ወሩ ነሐሴ ነበር። ዝናቡ ከነጋ ጀምሮ እስኪመሽ ይጥላል፤ ጭጋጉ ከሸለቆው ወጥቶ ጣራ ላይ ተኝቷል፤ ማሳው እግር ይውጣል። በዚህ ዝናብ ነው ሁለት ሰዎች አንድ ጆንያ በበቅሎ ጭነው ገበሬው አንሙት ደጅ የደረሱት።

አንደኛውን አንሙት ያውቀዋል። ባይነሳኝ ይባላል፤ የዋንዛ በር መንደር ድርሻ ቀማሽ ነው። ሁለተኛው ከድንበሩ ግቢ የተላከ ልብስ ሰፊ ነበር፤ መርፌውን ደረቱ ላይ ሰክቶ ክሩን አንገቱ ላይ አንጠልጥሏል። እሳት ዳር ተቀመጡ፣ የቀረበላቸውን በሉ፣ ስለ ዝናቡ አወሩ። ከዚያ ባይነሳኝ አፉን ጠረገና ልጁ ሰጠኝ ብድግ ይበልልን አለ።

ሰጠኝ ሃያ ዓመት ያለፈው፣ ትከሻው የሰፋ ጎልማሳ ነው። ከበረት መጥቶ የእግሩን ጭቃ እንኳ ሳያራግፍ መሃል ቤት ቆመ። ሰፊው ጆንያውን ፈትቶ አንድ እጀ ጠባብ አወጣና አለበሰው። አወለቀለትና ሌላ አለበሰው። ያኛው ደረቱ ላይ ጠበበ፤ ሰፊው በከሰል ምልክት አደረገበት። ቀጥሎ ኮት፣ ቀጥሎ ቁምጣ፣ ቀጥሎ ሹራብ። ሁሉም የተለያየ ሰው ልብስ ነበር፤ አንዱ ረጅም፣ አንዱ አጭር፣ አንዱ ከአንገቱ የተበላ። የሰጠኝ እናት የዝና ጓዳ በር ላይ ቆማ ስታይ ቆይታ፣ አንድ ሰማያዊ ሸሚዝ ሲወጣ እጇን አፏ ላይ ጫነች። ክርኑ በቀይ ጨርቅ ተጥፏል። ያንን ቀይ ጨርቅ ለጎረቤቷ ለብርቄ ቀድዳ የሰጠቻት ራሷ ናት። ብርቄ ሸሚዙን የጣፈችው ለልጇ ለምህረቱ ነበር፤ ምህረቱ ደግሞ ጋራውን ሊጠብቁ ከተወሰዱት ልጆች አንዱ ነው።

ሰፊው ሥራውን ሲጨርስ የሰጠኝን ወገብ መታ መታ አድርጎ፣ ሰውነቱ ደህና ነው፣ እንዳይከሳ ብቻ አለ። ባይነሳኝም ልጁን ሩቅ እንዳይልኩት፣ ምግብ እንዳያሳንሱበት አሳስቦ ወጣ። ለምን እንደሆነ አልተናገሩም፤ አንሙትም አልጠየቀም። በዚያ አገር ዋስ አይጠይቅም።

ነገሩ እንዲህ ነው። በዚያ አገር ሹም አይሳሳትም። ሹም ከመድረክ የተናገረው ሁሉ ይሆናል፤ ካልሆነ ጥፋቱ የዋሱ ነው። ስለዚህ አንድ ሰው ለትንሽም ለትልቅም ሹመት ሲታጭ ከትውልድ መንደሩ ዋስ ይጠራል። ዋሱ በሕዝብ ፊት ይቆምና «አውቀዋለሁ» ይላል። ሌላ የሚለው ነገር የለም። ከዚያ በኋላ ሹሙ ተስፋ ይሰጣል፣ ተስፋው ሳይሆን ሲቀር ዋሱ ይጠየቃል። ሹሙ አንድ ደረጃ በወጣ ቁጥር የዋሱም መያዣ ይከብዳል። መጀመሪያ ጀርባው ነው፤ ቀጥሎ በሬው፤ ቀጥሎ መሬቱ፤ መጨረሻ ላይ ከወገቡ የወጣው።

አንሙት ዋስ የሆነው ሥራ ስለበዛበት ነበር። ያኔ እሱና ድንበሩ መቀናጆ ናቸው፤ የየራሳቸውን አንድ አንድ በሬ አቀናጅተው በተራ ያርሳሉ። አንሙት እርፉን ይይዛል፣ ድንበሩ ከፊት ሆኖ በሬዎቹን ያናግራል። ይቺ የመጨረሻዋ ትልም ናት፣ ከዚች በኋላ ሣር ነው ይላቸዋል፤ በሬዎቹም አምነውት ይሄዳሉ። ትልሙ ሲያልቅ ያንኑ ይደግምላቸዋል፤ እንደገና አምነው ይሄዳሉ። አንሙት ሰው ይህን ያህል ሲናገር ሰምቶ አያውቅም ነበርና ይገርመዋል። እሱ ራሱ ቀኑን ሙሉ የሚናገረው አንድ እፍኝ አይሞላም።

ታዲያ የመንደሩ ሰው ድንበሩን የውኃ ተራ የሚያስከብር የምንጭ ዳኛ ይሁን ብሎ መረጠው። ዋስ ጥራ ሲሉት አንሙትን ጠራ። አንሙት ማሳው ላይ የተጠመዱትን በሬዎች ትቶ ነው የመጣው፤ ፀሐይ እያዘነበለች ነበር። ቶሎ ልመለስ ብሎ «አውቀዋለሁ» አለና ወደ ሞፈሩ ሮጠ።

ድንበሩ በዳኝነቱ የመጀመሪያ ቀን፣ ክረምት ሳይገባ በወንዙ ላይ ድልድይ ይኖራል ብሎ ተናገረ። ክረምት ገባ፤ ድልድይ የለም። የዋሶች አለቃ የሚባለው ሹም ጥላውን ዘርግቶ መጣ። የመጣው ግን ድንበሩ ዘንድ አልነበረም፤ አንሙት ዘንድ ነው። ድልድዩ አንተ ነህ አለው። አንሙት ቀልድ መስሎት ነበር። ወንዝ ዳር ወስደው ሱሪውን አስጠቀለሉትና ውኃው መሃል አቆሙት። ያን ክረምት በሙሉ ሽማግሌውንም፣ ነፍሰ ጡሯንም፣ እህል የያዘውንም በጀርባው ሲያሻግር ከረመ። ለምረቃው ቀን የአበባ ጉንጉን አንገቱ ላይ አደረጉለት፣ እንግዶች ከሩቅ መጡ፣ ከበሮ ተመታ። ድንበሩ ጫማውን በእጁ ይዞ በአንሙት ጀርባ ተሻገረና ማዶ ሲደርስ ትከሻውን መታ አድርጎ፣ «ጠንካራ ድልድይ ነው» አለ። ሰው ሁሉ ሳቀ። አንሙትም ከንፈሩን ለፈገግታ አላቀቀ፤ እግሩ ግን ከዚያን ዓመት ጀምሮ ብርድ በነካው ቁጥር ይጠዘጥዘዋል።

ስለ ድልድዩ ድንበሩ ተመሰገነ፤ የወረዳ ሹም ሆነ። የወረዳ ሹም ሲሆን ጅብ መንደር አይገባም አለ። ጅብ ገባ፤ አንሙት አንድ በጋ ሙሉ የመንደሩ ዳርቻ ላይ ተቀምጦ ሲጮህ አነጋ፣ በሬውም ለተበሉት በጎች መተኪያ ተወሰደ። ድንበሩ ስለ ጅቡም ተመሰገነና የአውራጃ ሹም ሆነ። ያኔ የሰጠው ተስፋ ብዙ ነበር፤ አንሙት የመሬቱን ግማሽ አጣ። በዚያን ጊዜ አንሙት አንድ ቀን ጨክኖ የዋሶች አለቃ ዘንድ ሄደና ከዋስነቱ ልውረድ ብሎ ለመነ። አለቃው ደግ ሰው ነበር፤ አልተቆጣም። ዋስ የሚወርደው ሹሙ ሲወርድ ወይም ዋሱ ሲሞት ነው፤ የእኛ ሹም ደግሞ አይወርድም፤ አንተም ገና ጤነኛ ነህ ብሎ ጠላ አስቀድቶለት ሸኘው።

የአንድ ቃል ማኅበር የሚባለው ማኅበር አገሩን ሲይዝ ድንበሩ የዚያ ማዕዘን መሪ ሆነ፤ የቃል አባት ተባለ። ከእሱ በላይ ማንም ያላየው ላይኛው ቤት ብቻ ነው ያለው። ላይኛው ቤት ደግሞ በዚያው ሰሞን፣ ማዶ ያሉት ሰዎች መሬት ሊነጥቁን ነውና ጋራውን የሚጠብቁ ወጣቶች ይምጡ ብሎ ላከ። ከየቤቱ አንድ አንድ ልጅ ተወሰደ። ሲሄዱ አንድ አንድ ልብስ ማኅበሩ ቤት አስቀመጡ፤ ሲመለሱ የሚለብሱት ነው ተብሎ። የአንሙት ልጅ አልተወሰደም፤ የዋስ ልጅ መያዣ ነውና አይነካም። ድንበሩ በሹመቱ ቀን መድረክ ላይ ቆሞ፣ የሄዱት ሁሉ በሦስተኛው መስከረም በየቤታቸው ይገባሉ ብሎ ቃል ሰጠ። እናቶች እልል አሉ። አንሙት ከመድረኩ ሥር ቆሞ እስከ ሦስተኛው መስከረም ያሉትን ክረምቶች በጣቱ ቆጠረ።

ቃሉ ከተሰጠ በኋላ ስለ ሄዱት ልጆች አነጋገር ሕግ ወጣ። ሞቱ አይባልም፤ ጠፉ አይባልም፤ ዘገዩም አይባልም። መንገድ ላይ ናቸው ነው የሚባለው። በገበያ ቀን አንድ ሹም ድንጋይ ላይ ወጥቶ «መንገድ ላይ ናቸው» ይላል፤ ገበያተኛው ሁሉ «ይግቡ» ብሎ ይመልሳል። ልጅ የሄደባቸው ቤቶች በራቸውን በመወርወሪያ አይዘጉም። ማታ ማታ ለሄደው ልጅ ድርሻው ይቀርባል። ባይነሳኝ በየቤቱ እየዞረ ድርሻው መቅረቡን፣ ትኩስ መሆኑን፣ ጨው ማግኘቱን ይቀምሳል። ለዚህ ሥራ ሲመጣ ቀጭን ሰው ነበር፤ አሁን በር ሲገባ በጎኑ ነው። ቀምሶ ሲያበቃ እናትየዋን፣ «ደስ ይለዋል ሲመጣ» ይላታል። እናትየዋም «ይግባ» ትላለች።

አንድ ጊዜ የዘሪሁን እናት የምትባል ሴት ገበያ መሃል ነጠላዋን አዘቅዝቃ ታየች። ምንም አልተናገረችም፤ ነጠላዋን ብቻ ነው ያዘቀዘቀችው። በማግስቱ ቤቷ ውስጥ አልነበረችም። ባይነሳኝ ለባልየው፣ እሷም መንገድ ላይ ናት፤ ድርሻዋን ማቅረብ እንዳትረሳ አለው። ባልየው ከዚያን ቀን ጀምሮ ሁለት ድርሻ ያቀርባል። ከዚያ ወዲህ በዋንዛ በር ነጠላዋን ያዘቀዘቀች ሴት የለችም። ሰው ጎረቤቱን ሲያገኝ ቀድሞ የሚያየው ፊቱን ሳይሆን ኋላውን ሆነ፤ ማን ይከተለው እንደሆነ።

ብርቄ በዚህ ጊዜ ሁሉ ለአንሙት ቤት ቋንቋዋን ቀይራለች። ድሮ እሳት የምትለዋወጥ ሴት፣ ሰጠኝ ከብት እየነዳ ባለፈ ቁጥር አጥር ላይ ተደግፋ ታየዋለች። አንድ ቀን አንሙትን መንገድ ላይ አግኝታ፣ «አያ አንሙት፣ እንኳን ደስ አለህ፤ ያንተ ልጅ መንገድ አያውቅም» አለችው። አንሙት ባርኔጣውን ነክቶ አለፈ።

እንግዲህ ልብስ ሰፊው በመጣ በሳምንቱ ድንበሩ ራሱ መጣ። አጃቢዎቹን አጥሩ ዘንድ አቁሞ ብቻውን ገባ። ካፖርቱ ውኃ ይንጠባጠባል። አንሙት ብድግ ብሎ እጅ ነሣ። ድንበሩ ለራሱ በርጩማ ስቦ ተቀመጠና የዝናን እሳት እንድትጭርለት ለመናት፤ እሳቱ ሲያያዝ ደግሞ ጎረቤት ብትሄድ ደስ እንደሚለው ነገራት። ሰጠኝ ማሳ ላይ ነበር። የዝና ወጣች።

ድንበሩ ጣራውን አየ፣ ግድግዳውን አየ። «ቡሬ አለ?» አለ። ቡሬ የአንሙት በሬ ነበር።

«በጅቡ ጊዜ ለእርስዎ ተወስዷል» አለ አንሙት።

«አዎ፤ አዎ። ጥሩ በሬ ነበር።» እጁን ወደ እሳቱ ዘረጋ። «አንተ በለኝ እንጂ። ማን ይሰማናል?»

አንሙት አንገቱን ደፋ። አንተ የሚለው ቃል ከአፉ የጠፋ ከብዙ ጊዜ በፊት ነው።

«ሰው ምን ይላል ታዲያ፣ ስለ መስከረም?»

«ይግቡ ይላል።»

ድንበሩ ሳቀ፤ ሳቁ ሳል ሆነበት። ሳሉ ሲተወው ወደ እሳቱ ጠጋ ብሎ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «አይመጡም፣ አንሙት። በመጀመሪያው ክረምት ነው ያለቁት። እኔው ራሴ ሄጄ አይቻለሁ። የብርቄን ልጅ ከጋራው በታች ቀጋ ቁጥቋጦ ሥር ነው አፈር ያለበሱት፤ ከሁለት ልጆች ጋር። ፊቱን አውቄዋለሁ።»

አንሙት እጁ ላይ የነበረውን እንጨት እሳቱ ውስጥ ከተተ። ለምን ለእኔ ይነግሩኛል ብሎ ጠየቀ።

«ለማን ልንገር? ሚስቴ እንኳ ታወጣብኛለች። ዋስ በሹሙ ላይ አይመሰክርም፤ ቢመሰክርም ለዳኛ አይሆንም፤ ሕጉ ነው። ለዓመታት ሆዴ ውስጥ አድርጌው እንቅልፍ አጣሁ።» ድንበሩ ፊቱን በካፖርቱ እጅጌ ጠረገ። «ላይኛው ቤት መስከረም አንድን እየጠበቀ ነው። ከዚያን ቀን ጀምሮ ቤት ለቤት የሚዞር ታዛቢ ይልካል። ከየቤቱ ልጅ ገባ የሚል እልልታ መስማት አለበት። እኔስ የማን ዋስ የሆንኩ ይመስልሃል? የእኔም ልጅ እነሱ ዘንድ ነው ያለው።»

ከዚያ ነገሩን አብራራ። ሰጠኝ ይመለሳል አለ። አንሙት፣ ሰጠኝ የትም አልሄደም አለ። ድንበሩ፣ እሱማ ነው፤ ለዚህም ነው ለሁሉ የሚሆነው አለ። በመስከረም አንድ ጠዋት የምህረቱን ሸሚዝ ለብሶ ብርቄ ቤት ምህረቱን ሆኖ ይገባል። ትስመዋለች፤ ያድራል። በማግስቱ የሚቀጥለውን ቤት ልጅ ልብስ ለብሶ የሚቀጥለውን ልጅ ሆኖ ይገባል። ዋንዛ በርን ሲጨርስ ወደ ሌላው መንደር ይሻገራል፤ ልብሱ ተዘጋጅቷል። በየቤቱ ስሙ ሌላ ነው፤ ሰጠኝ ብሎ የሚጠራው አይኖርም፤ ቢጠራ እንኳ አቤት እንዳይል ያሠለጥኑታል።

«እናት ልጇን አታውቅም?» አለ አንሙት።

«ታውቃለች። ልጄ አይደለም የምትል ግን አትገኝም። የዘሪሁንን እናት ሁሉም አይተዋታል።»

«ወደ እኔስ መቼ ይመለሳል?»

ድንበሩ ድሮ በሬ ሲያባብል በነበረበት ድምፅ፣ በትዕግሥት መለሰለት። «ካንተ ቤት እኮ የሄደ የለም፣ አንሙት። የሄደ ከሌለ የሚመለስ ከየት ይመጣል?»

ዝናቡ ጣራው ላይ ጠነከረ። ድንበሩ ተነስቶ ካፖርቱን አራገፈ፤ ልጁን ጳጉሜ ሳያልቅ ሰዎች መጥተው ይወስዱታል አለ። አንሙት በሩን ከፈተለት። እጅ አልነሣም። «ሂድ» አለው፤ «ዝናቡ ሳይብስ ሂድ።» ድንበሩን አንተ ብሎ ከተናገረው ዓመታት አልፈዋል። ድንበሩ ቆም ብሎ አየውና ወደ አጃቢዎቹ ሄደ።

አንሙት ለየዝናና ለሰጠኝ የነገራቸው ማታ እራት ላይ ነው። በጥቂት ቃል ነገራቸው፤ ስለ ቀጋው ብቻ ዝም አለ። የዝና እጇን ከምግቡ አነሳች። ሰጠኝ ግን ቶሎ አልገባውም ነበር፤ ሲገባው፣ ግድ የለም እሄዳለሁ፣ እትዬ ብርቄ እኔን ታውቀኛለች፣ አታስከፋኝም አለ።

«ዝም በል» አለው አባቱ።

«አንተ ሰውዬ፣ አንተ ደግሞ ዝም አትበል» አለች የዝና። «ድልድይ ሁን ሲሉህ ዝም አልክ። ጩኽ ሲሉህ ጮኽክ። ዛሬ እንኳ አንድ ነገር በል እንጂ።»

አንሙት ሌሊቱን ሙሉ መውጫ ፈለገ። መሸሽ አይቻልም፤ መሻገሪያዎቹ ሁሉ ተይዘዋል፣ ዋስ ከሸሸ ደግሞ በግራና በቀኝ ያሉት ጎረቤቶቹ ለዋሱ ዋስ ናቸውና እነሱ ይያዛሉ። ልጁን ጉድጓድ ውስጥ ቢደብቀው ባይነሳኝ ሽታውን ያገኘዋል። በየቀኑ ማሳ እየወጣ ሰጠኝ ሲያርም ያየዋል። ልጁ ሲያርም ያፏጫል፤ አንሙት ያንን ፉጨት ሁልጊዜ ይቆጣው ነበር። አሁን ልጁ ዝም ባለ ቁጥር ቀና ብሎ ይፈልገዋል። ከሩቅ በቅሎ በታየ ቁጥር በልጁና በመንገዱ መሃል ይቆማል።

ነሐሴ ሊያልቅ ሲል አያ ዘገየ የሚባሉ የመንደሩ ሽማግሌ አረፉ። እድሜ ጠግበው፣ አልጋቸው ላይ ነው የሞቱት። የልጅ ልጃቸው ወደ ጋራው ከተወሰዱት አንዱ ነበር። የመንደሩ ሰው ቀብሮ ሲመለስ ቤቱ ውስጥ ምንጣፍ ተነጥፎ ለቅሶ ተቀመጡ። ሰው ለሽማግሌው ያለቅስ ነበር፤ ልቅሶው ግን ለአንድ ሽማግሌ ከሚገባው በላይ ነበር፤ ሴቶቹ ዓመታት ያጠራቀሙትን ሁሉ በአያ ዘገየ ስም አፈሰሱት።

ማታ ላይ ባይነሳኝ ድርሻ ሊቀምስ መጣ። ደፉ ጋ ሲደርስ ምንጣፉን አየና ቆመ። አንሙት በር አጠገብ ተቀምጦ ነበርና ሁሉን አየ። ለቅሶ የተቀመጠበት ቤት ሳያለቅሱ አይገባም፤ ይህ ማኅበሩ ሳይኖር የነበረ ሥርዓት ነው። የማኅበሩ ሰው ደግሞ ማልቀስ አይፈቀድለትም፤ ሹም ካለቀሰ አገሩ ላይ የሚያስለቅስ ነገር አለ ማለት ይሆናል። ስለዚህ ባይነሳኝ አይገባም፤ ድርሻውን ሳይቀምስም አይሄድም። ወጨፎው ጀርባውን እየመታው ውጭ ቆመ። አንዱ ሽማግሌ ዞር ብሎ ሳያየው፣ «ግባና አልቅስ እንጂ፣ ልጄ» አለው። ሴቶቹ ነጠላቸውን አፋቸው ውስጥ ከተው ሳቃቸውን አፈኑ። ባይነሳኝ፣ ለቅሶው መቼ ያበቃል ብሎ ጠየቀ። እስከ አርባው ነው አሉት። እስከ አርባው እኔ እዚህ ቤት ሥራ የለኝም ማለት ነው አለና በዝናቡ ውስጥ ሄደ።

አንሙት ከለቅሶ ቤት ወጥቶ በቀስታ ወደ ቤቱ ተራመደ። በዚያ አገር ሌላም ሥርዓት ነበር፤ ከለቅሶው የበለጠ የቆየ። አንዴ ሙሾ የወረደለት ሰው ስም በሕይወት ባለ ሰው ላይ አይጠራም። ሙሾ የወረደለትን ልጅ ሆኖ ሰጠኝ ማንም ቤት ሊገባ አይችልም። ማኅበሩ መርዶን ከለከለ እንጂ እነዚህን ሥርዓቶች አልሻረም፤ ሹማምንቱም እናት አላቸው፣ እነሱም አንድ ቀን ለቅሶ ይቀመጣሉና ሊነኩት አልደፈሩም።

በዚያው ሌሊት ነጎድጓዱ ሲርቅ፣ ገና ጎሕ ሳይቀድ አንሙት ተነሳ። ፈራ። እንዲህ ፈርቶ አያውቅም፤ ቢሆንም ጋቢውን አጣፋ። የዝናን ቀሰቀሳት።

«ነጠላሽን አዘቅዝቂ» አላት። «ምንጣፉንም አንጥፊ።»

«ለማን?»

«ለእኔ። ማንም ሰው ቢመጣ አንሙት ሞተ በይ። አልቅሺ፤ ሰጠኝም ያልቅስ። እስከ አርባው ከደፍ አይውጣ።»

የዝና በጨለማው ውስጥ ፊቱን ፈለገች። «እያየሁህ?»

«እያየሽኝ።»

ዋሱ ሲሞት ከዋስነቱ ይወርዳል፤ መያዣውም ይፈታል። ይህን የዋሶች አለቃ ራሱ ነው የነገረው። እስከ አርባው መስከረም ይገባል፣ ታዛቢው ይመጣል፣ የመጣውም ልቅሶ ሰምቶ ይሄዳል። ከዚያ በኋላ በአንሙት ላይ የሚደርሰውን አንሙት ያውቃል፤ ይወስዱትና እሱም መንገድ ላይ ነው ይባላል፤ ግን ለተለቀሰለት ሰው ድርሻ አይቀርብምና ባይነሳኝ ቤቱን አይረግጥም። የዝና ብዙ ጠየቀችው፤ የመለሰላት ጥቂት ነው። ሰጠኝ ተነስቶ ቆሞ ነበር። አንሙት ጠጋ አለው። የልጁን የጋቢ ጫፍ ከመሬት አንስቶ ትከሻው ላይ መለሰለትና ወጣ። አጥሩን ሳያልፍ የየዝና ልቅሶ ከኋላው ተሰማ፤ ስሙን እየጠራች ነበር። ዞር አላለም።

የብርቄ በር በሕጉ መሠረት አልተዘጋም። አንሙት ግን አልገፋውም፤ ደጁ ላይ ቆሞ ጠራት። ብርቄ ነቅታ ነበር፤ ከጎረቤት የሚመጣውን ልቅሶ እየሰማች በሩን ከፈተች። አንሙትን ስታይ ደነገጠች፤ ከዚያ ግራ ገብቷት ልቅሶውን አዳመጠች፣ እሱንም አየች።

«ሚስትህ አንተን ነው የምታለቅሰው» አለች።

«አዎ።»

«ጉድ ነው። ድልድይ ሆንክ፣ የጅብ ጠባቂ ሆንክ። ዛሬ ደግሞ ሬሳ ልትሆንልን ነው?»

አንሙት ባርኔጣውን አወለቀ። ካፊያው ራሱ ላይ ወረደ። መርዶ ነግሮ አያውቅም ነበር፤ መርዶ የሚነግሩት አንደበት ያላቸው ሰዎች ናቸው። ቢሆንም ሲነገር ሰምቷልና የሟቹን ስም ከአባቱ ስም ጋር ጠራ።

«እቴ ብርቄ፣ ምህረቱ አድማሴ ሞቷል። በመጀመሪያው ክረምት ነው የሞተው። ከጋራው በታች ቀጋ ሥር ተቀብሯል፤ ሁለት ልጆች አብረውት አሉ።»

ብርቄ የበሩን መቃን ያዘች። አንሙት የምትመታው መስሎት ነበር፤ ብትመታው አይጠላም።

«ማን ነገረህ?» አለች በመጨረሻ።

«ድንበሩ ራሱ።»

«አውቄው ነበር» አለች። «ሁልጊዜ ማታ ድርሻውን ሳቀርብ አውቄው ነበር። አንድ ሰው በአፉ እስኪነግረኝ ነበር የጠበቅሁት።»

ከዚያ ነጠላዋን ወገቧ ላይ አሰረችና የልጇን ስም ጠርታ ጮኸች። ጩኸቱ ሸለቆውን ተሻገረ። ከመንደሩ መሃል የባይነሳኝ በር ተከፈተ፤ ሰውየው ሳይለብስ ወጥቶ ወዲያና ወዲህ ተመለከተ፣ ልቅሶው ከሁለት ቤት ነበርና የትኛው ጋ መሄድ እንዳለበት አላወቀም። የበቅሎውን ስም እየጠራ ወደ ጋጣው ሮጠ። ድንበሩ ግቢ ለመድረስ ከዋንዛ በር እስከ ረፋድ ያስኬዳል።

አንሙት ባርኔጣውን መልሶ አላጠለቀውም። ጎሕ ቀዶ ጭጋጉ ነጣ ማለት ጀምሯል። በግራ በኩል ያለው ቤት የዘሪሁን አባት ቤት ነው፤ እሱ ሁለት ድርሻ የሚያቀርብ ሰው ነው። አንሙት ጭቃውን እየረገጠ ወደዚያ ሄደ፤ ደጁ ላይ ቆመና ጠራው።